ሰው ሲኖር ብቻ

ልጆቼ፣ ይኼ ተረት አይደለም። የእህቴ ልጅ ናዝራዊት ላይ የደረሰ ነው። እንደነገረችኝ ልጻፍላችሁ።

ዓርብ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ስድስት ሰዓት። ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ ፎቅ።

እዚያ ፎቅ ላይ ናዝራዊትና ባሏ እምሩ በኮምፒዩተር ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ነበር...

ባለፈው ክረምት እምሩ "ሙዝ ገዝቼ መጣሁ" ብሎ ወደ አትክልት ተራ ወረደ።

አልተመለሰም።

ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ ጸበል... የለም።

የእምሩ ኮምፒዩተር ግን የኋላው ክፍል ተቆልፎበት ይሠራል። "እስኪመጣ አይጠፋም" ብላለች፣ የኔ ምስኪን። በየሰዓቱ ራሱን እየመረመረ ውጤቱን ፋይል ላይ ያሰፍራል፤ እሷ ከፊተኛው ክፍል ሆና ታነባለች።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ምርመራውን የሚሠራው ፕሮግራም ስክሪኑ ፊት ሰው ካለ፣ ደህናውን በአረንጓዴ፣ ብልሽቱን በቀይ ይጽፋል። ለፋይል ብቻ ሲሆን ግን ቀለም አይሰጥም፤ ነጭ ጽሑፍ ነው።

"ሰው ለማያየው ቀለም ምን ያደርጋል?" ይላት ነበር እምሩ እየሳቀ።

ያን ዓርብ ፋይሉን ስትከፍተው... በየቃሉ መሃል ቅንፍና ቁጥር ተሰግስጓል።

የቀለም ምልክት ነው፤ ቀለም ፋይል ላይ ሲሰፍር እንዲህ ነው።

አብሯት የሚሠራውን ካሕሳይን በሹክሹክታ ጠራችው።

"ካሕሳይ... ውስጥ ሰው አለ።"

"ባክሽ አትፎግሪኝ። ቀለሙን ዝጊው፤ አንድ ትእዛዝ ነው፣ ትገላገያለሽ።"

"እሱ ቢሆንስ?"

ተነስታ ወደ ኋላው ክፍል ሄደች፤ ካሕሳይም ተከተላት።

ቁልፉን አዞረች።

ማንም የለም። ወንበሩን አቧራ አልብሶታል።

ጠረጴዛው ላይ... የሙዝ ልጣጭ።

ገና አልጠቆረም።

"እምሩዬ?"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ምርመራውን አዘዘች። ጽሑፉ ወረደ።

ነጭ።

"እስቲ ተነሺልኝ።" ካሕሳይ ቆሞ እንዳጎነበሰ ያንኑ ትእዛዝ ጻፈ።

አረንጓዴ።

"አየሽ? ማሽኑ እየሸወደሽ ነው!" ብሎ ሳቀ።

እንደገና ተቀመጠች። አዘዘች።

ነጭ።

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

"ካሕሳይ... እኔን አያየኝም?"

"ተነሺ። ቶሎ በይ... እንውጣ።"

ክንዷን ይዞ ጎተታት። በሩ ጋ ስትደርስ ግን አላስችል አላትና ዞረች።

ከወንበሩ ገና መነሳቷ ነው። አቧራው እንዳለ ነው፣ ማንም እንዳልነካው።

ስክሪኑ ላይ፣ ማንም ሳያዝ፣ ጽሑፉ ይወርዳል...

አረንጓዴ...

አረንጓዴ...