የማዕረግ ሙት ዓመት

ኤክስካቫተሩ የትሪቡኑን ወለል ሲገነጥል ሹፌሩ ጮኸ። ከሲሚንቶው ሥር የሰው አጥንት ወጣ።

በሆላንድ፣ በደቡብ ዴንሃግ ያለው አሮጌ ስታዲየም ለአዳዲስ ቤቶች ሲባል መፍረስ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ላስቲክ የተለበደው የሥራ መታወቂያ ስሙን ተናገረ፤ ማዕረግ። ከስምንት ዓመት በፊት እዚያው ጽዳት ይሠራ ነበር። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ በሆነ ማግስት ነው የጠፋው።

መርማሪ ሰገነት መርዶውን ይዛ ወደ ታላቅ እህቱ ወደ የትነበርሽ ቤት፣ ሙርዋይክ ሰፈር ሄደች።

«ለንደን ነው እኮ ያለው!» አሉ የትነበርሽ። «አበጋዝ በስልክ አገኘሁት ብሎኛል!»

አበጋዝ የማዕረግ አብሮ አደግ ነው። አብረው ተሰደው፣ አብረው ጽዳት ሠርተዋል። ማን ይጠረጥረዋል? ሰገነት መጀመሪያ የጠራችው የስታዲየሙን ቁልፍ ያዥ ዘበኛ፣ ሽማግሌውን ገብረኣብን ነበር።

«ከማዕረግ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«በኳስ ነው፣ ልጄ! እሱ ሲጠፋ ደግሞ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር።»

እውነታቸውን ነበር።

የትነበርሽ አንድ ነገር ለመኗት። «ለሮተርዳሙ ቄስ ንገሪልኝ። ዓምደ ሚካኤል ብለው ይፍቱት፤ የክርስትና ስሙ ነው።»

ቄሱ ስሙን ሲሰሙ ግራ ተጋቡ። «ዓምደ ሚካኤል? ለሱማ አበጋዝ አርባውንም አውጥቷል። በየጥቅምቱ ሙት ዓመቱን ያስባል። ወንድሜ ነው ይለኛል።»

ሰገነት ክው አለች። ለእህትየው ሕያው፣ ለቄሱ ሙት!

አበጋዝን ከሥራ ቦታው ከስኪፖል አየር ማረፊያ አመጡት።

«ማዕረግን በስልክ ያገኘኸው መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«ለሕያው ሰው ሙት ዓመት ይወጣል?»

«ያለ ፍትሐት እንዳይቀር ብዬ ነው» አለ አበጋዝ።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ለኢሚግሬሽን የተናገረው የማዕረግን የእስር ታሪክ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ አገኘበት። ማዕረግ ያንኑ የራሱን ታሪክ ሲናገር ግን «የሰው ታሪክ ነው የቀዳኸው» ተባለ።

«የውድቅ ደብዳቤውን ሲያነብ ታሪኩን እንደወሰድኩበት ገባው። ትሪቡኑ ደረጃ ላይ ‹አጋልጥሃለሁ› አለኝ። ገፋሁት፤ ወድቆ ሞተ። ወለሉ እየታደሰ ስለነበር እዚያው አፈር ውስጥ ቀበርኩት፤ በማግስቱ ሲሚንቶ ፈሰሰበት።»

ሰገነት ለየትነበርሽ ስትነግራቸው እንባ እንኳ አልወጣቸውም። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አበጋዝ በየጥቅምቱ ዳቦ ያመጣልኝ ነበር። የሚካኤል ዝክር ነው ይለኛል» አሉ። «የወንድሜን ሙት ዓመት በላሁ፣ ልጄ! በልቼም መረቅኩት።»