«ክፉ ሰው ነበሩ»

ጥር 2014፣ ታጣቂዎቹ መርሳን ለቀው በወጡ በወሩ፣ ባለወፍጮው አቶ ሽፈራው ወፍጮ ቤታቸው ወለል ላይ ተደፍተው ተገኙ። ድንጋዩን የሚወቅሩበት መዶሻ አጠገባቸው ወድቋል። ከተማው ሬሳ ለምዷልና ማንም አልጮኸም። ኢንስፔክተር ውባለም ከወልድያ ስትደርስ ሰው ሁሉ የሚያሳያት ስልኩን ነበር።

«የመርሳ መስኮት» በተባለው የፌስቡክ ቡድን አንድ ሰው በሐሰት ስም «ሽፈራው ክፉ ሰው ነበሩ። ለጠላት እህል ፈጩ» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በፊት ሌላው ባለወፍጮ ካሳዬ በገዛ ስሙ «ሽፈራው ባንዳ ነው፤ ዋጋውን ያገኛል» ብሎ ነበር። አሁን የከተማው ግማሽ ሟቹን ይረግማል፤ ግማሹ የካሳዬን ቤት ላቃጥል ይላል።

ውባለም የቡድኑን ተቆጣጣሪ ኤርሚያስን አስጠራች።

«ጽሑፉን ያሳለፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ቀኑን ወልድያ ነበርኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰኝ፤ አሳለፍኩት።»

«ለምን?»

«በቀን መቶ ስድብ እሰርዛለሁ እኮ። ይሄ በአክብሮት የተጻፈ ነው። እኔንጃ፣ አሁንማ ሁሉም አንድ ሆኖብኛል።»

በማግስቱ ሁሉንም ወፍጮ ቤቱ ሰበሰበቻቸው፦ ካሳዬን፣ ኤርሚያስን፣ የሟቹን ልጅ ታደለችንና ባሏን ሀብቴን።

«ሐኪሙ የሞቱት ከሰባት ሰዓት በፊት ነው ብሏል። ታደለች ከሲሪንቃ ተመልሳ ሬሳውን ያገኘችው ዐሥር ሰዓት ነው። ታዲያ ስምንት ሰዓት ላይ ‹ነበሩ› ያለው ማነው? መሞታቸውን ማን ነገረው?»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ካሳዬ።

«አውቃለሁ። አንተ አብሮ አደጋቸው ነህ፤ ስትሰድባቸው ‹ነው› ትላለህ። ኤርሚያስን ወልድያ ያዩት ሰዎች አሉ። ይሄ ጸሐፊ ግን ገድሏቸው እንኳ ‹ነበረ› ማለት አቅቶታል። በየቀኑ አንቱ የሚላቸው ሰው ነው።»

ሀብቴ መዶሻው ወድቆ ወደነበረበት ቦታ ዞረ።

«አማቴ ናቸው፤ እንዴት አንተ እላቸዋለሁ?» አለ። «ወንድሜን ቀብሬ ስመለስ ለገዳዮቹ ሲፈጩ አየኋቸው። ትናንት ለምን አልኳቸው። ‹ልጄን ይዘውብኝ ነበር› አሉኝ። አላመንኳቸውም።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ታደለች። «አንተ ለቀብር በሄድክበት ይዘውኝ ነበር። እስከ ትናንት ያልነገሩህ እኔ ለምኛቸው ነው።»

ኤርሚያስ ስልኩን አወጣ። «ጽሑፉን ላጥፋው?»

«አጥፋልኝ» አለች ታደለች።

«ማስረጃ ነው፤ ይቆይ» አለች ውባለም።

ቆየ። እስኪመሽ ዘጠኝ መቶ ሰው ወደደው።