እስቲ ተጣሉልኝ

ልጅቷ ከቀዶ ሕክምናው እንደነቃች «ውሃ» አለች። እናቷ በደስታ አለቀሰች። በማግስቱ ግን አፏ ተዘጋ፤ ውሃም አላለች፣ እማዬም አላለች፣ መርፌ ሲወጓት እንኳ ድምፅ አላወጣችም።

ዝም የምትል ልጅ ደግሞ አልነበረችም። ሰፈሩ «ለፍላፊት» የሚላት፣ የማታውቀውን ሰው መንገድ ላይ አስቁማ ጫማውን የት እንደገዛ የምትመረምር የስድስት ዓመት ጉድ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ማስመለስ፣ ስትራመድም መንገዳገድ እስኪጀምራት ድረስ ማለት ነው።

ዶክተሩ እናትየውንና ወንድሟን፣ የልጅቷን አጎት፣ ቢሮው ጠርቶ የጭንቅላቷን ፎቶ አሳያቸው።

«ዕጢው በሙሉ ወጥቷል» አለ። «በእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ውጤት የለም።»

«ታዲያ አፏስ?» አለች እናት።

«በጭንቅላት ኋላ በኩል ስንገባ አንዳንድ ልጆች ላይ ይህ ይደርሳል። አብዛኞቹ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይናገራሉ። እንደ ድሮዋ ትሆናለች ብዬ ግን አልዋሻችሁም። በጥያቄ አታስጨንቋት። ብቻ አጠገቧ ሰው ያውራ፤ ትሰማለች።»

ሰው ያውራ ማለት ቀላል ነው። እናትየው ጡት የሚጠባ ሕፃን ቤት ትታ ነበር የምትመላለሰው። ቀን ቀን አልጋው አጠገብ የሚቀመጠው የእናትየው ወንድም ነው። እሱ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን በሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ የኖረ፣ ሰላምታ እንኳ በአገጩ የሚሰጥ ሰው። ከእሱ ወሬ መጠበቅ ከድንጋይ ውሃ መጠበቅ ነበር።

የክፍሉ ነርስ ጥቂት ቀን ታገሠችው። ከዚያ አላስቻላትም።

«ወንድሜ፣ ዶክተሩ ያውሩላት ያለው በዓይንዎ ነው?»

«ምን ላውራ ሲስተር?»

«ሥራዎን ያውሩላት።»

«ሥራዬማ…» ብሎ አሰበ። «ቧንቧ ነው።»

«ቧንቧው ምን ሆነ?»

«ያፈሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አያፈስም።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። እሱ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ይሳቁ! ሰው መርፌ እየወጉ እንጀራ የሚበሉ ሰው፣ በእኔ ሥራ ይስቁ!»

ያን ጊዜ የልጅቷ ዓይን ከኮርኒሱ ወርዶ ወደ አጎቷ ዞረ። ሁለቱም አዩ። ብዙ ቀን የትም ያልሄደ ዓይን ነበር።

«ይቀጥሉ» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይቆጡኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«በመጀመሪያ ‹እርስዎ› የሚለውን ይተዉት። ለጠብ አይመችም።»

እንዲህ ተጀመረ። እሷ መድኃኒት ልትሰጥ፣ አንሶላ ልትቀይር በመጣች ቁጥር አንዱ ከአልጋው ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ቆመው ይጣላሉ። እሷ እጁን ሳይታጠብ እንደመጣ ትከሰዋለች፤ እሱ አንሶላው መጣመሙን ያሳያታል። መጀመሪያ ቃል እየጠፋው ይንተባተብ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን፣ ለካ ሰውዬው ምላስ አለው!

«አንቺን የሚያገባ ሰው ጉድ ፈላበት። ገና ጎህ ሳይቀድ ሙቀትህን ልለካ ብለሽ ትቀሰቅሺዋለሽ።»

«አንተን የምታገባዋስ? እወድሻለሁ እስክትላት ፀጉሯ ይሸብታል።»

ልጅቷ ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው ታመላልሳለች። አንዳንዴ የከንፈሯ ጫፍ ይንቀሳቀሳል። ለእሱ ለዚያች ጫፍ ሲል መሳደብ ቀላል ነበር። ነርሷ ደግሞ በእረፍት ቀኗ ልብስ እያጠበች መልስ ስታዘጋጅለት ራሷን ያዘች፤ ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ደነገጠች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰደበችውና መልሱ ጠፋበት። ትክ ብሎ አያት። እሷም ቀጣዩን ስድብ ረሳችው። ሁለቱም አፈሩ። ተያይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡና መጨረሻው ላይ ካለው መስኮት ሥር ቆሙ።

«አሁን የምነግርሽ ለልጅቷ ብዬ አይደለም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። እጇን ያዘ። ከመስኮቱ ማዶ አምቡላንስ እየታጠበ ነበር፤ ሁለቱም እሱን የሚያዩ መሰሉ።

ሲመለሱ እናትየው አልጋው አጠገብ ቆማ እያለቀሰች አገኟት። ጎረቤት አልጋ ላይ ልጇን የምታስታምም ሴት እየነገረቻት ነበር። «‹አጎቴ› አለች። በጆሮዬ ሰማሁ። ደጋግማ ጠራችው፤ ከዚያ አለቀሰች።»

እናትየው ወደ ሁለቱ ዞረች። «ልጄ አፏን ስትፈታ ያገኘችው ባዶ ወንበር ነው። የት ነበራችሁ?»

ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ። ፊታቸው ግን ተናገረ።

«በልጄ አልጋ ላይ ነው የምትሽኮረመሙት?» አለች።

ከዚያ በኋላ እናትየው ለክፍሉ ኃላፊ ነግራ፣ ነርሷ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። እሱን እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ቃሏን ማለፍ አልቻለም። ግን አልፎ አልፎ ነርሷ ማታ ከሥራ ስትወጣ ከግቢው ማዶ ቆሞ ያገኛታል፤ ፌርማታ ድረስ ይሸኛታል። ስለ ልጅቷ ብቻ ያወራላታል። ዛሬ «አምጣ» አለች፤ ዛሬ ግድግዳ ይዛ ተነሣች፤ ሐኪም ቤቱ በሙሉ «ወፌ ቆመች!» እያለ አጨበጨበላት። ምላሷ ቢጎተትም አወራች። የጨረር ሕክምናውንም ጨርሳ ቤቷ ገባች።

ዓመቱ ሳይሞላ ዕጢው ተመለሰ።

ዶክተሩ እንደገና መክፈት ይቻላል አለ፤ የመዳን ዕድሏንም በመቶኛ ነገራቸው። ቧንቧ ሠራተኛው ከመቶው ውስጥ ትንሿን ቁጥር አጥብቆ ያዘ። ያንኑ ማታ ፌርማታው ላይ ነርሷን ለመናት። «እህቴ አንቺን ሳትጠይቅ አትቀርም። ‹ይሠራላት› በያት። ስለ እኔ ብለሽ።»

እውነትም እናትየው መጣች። ነርሷን ከመድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ጠራቻት።

«አልወድሽም» አለቻት። «ስለዚህ አታባብይኝም። መቶኛ አይገባኝም። ሁለተኛ ከተከፈቱት ልጆች ውስጥ አንቺ ያየሻቸው ምን ሆኑ?»

ነርሷ ስለ ስንቱ ልጅ አሰበች። «ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት የወጡ አሉ። እንደ እሷ ዕጢው ሥር ሰዶ የተመለሰባቸው ግን፣ እንደገና ሲያወሩ አልሰማሁም። ዕድሜም ብዙ አልጨመረላቸው።»

«ያንቺ ልጅ ብትሆንስ?»

ይህ መልስ ማንን እንደሚያሳጣት ታውቃለች።

«አላስከፍታትም» አለች። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን አልጥልም። የቀራት ጊዜ አጭር ነው፤ እያወራች ትኑረው።»

እናትየው ሳታመሰግናት ሄደች። ልጅቷም አልተከፈተችም።

እሱ ማታ ፌርማታው ላይ ጠበቃት። «ገደልሻት» አላት። አውቶቡሱ ሲመጣ እሷን ትቶ በእግሩ ሄደ። ነርሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሰው እያያት፣ አለቀሰች።

ልጅቷ ቤቷ ሆና አወራች። እግሯ ሲከዳት ተኝታ አወራች፤ አንድ ዓይኗ ሲንሸዋረር በሌላው እያየች ስለሚያልፈው ሰው ሁሉ አወራች። ቃሎቿ እየዘገዩ፣ እያጠሩ ሲመጡ እናትየው ስልክ አነሣች።

«ትጠይቅሻለች» አለቻት ነርሷን። «ነይ።»

ነርሷ ስትገባ እሱ አልጋው አጠገብ ነበር። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ዓይኗን ግን አላየም። ሰላም ተባባሉ፤ በቃ። እናትየው በር ላይ ቆማለች።

ልጅቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች።

«እስቲ… ተጣሉልኝ» አለች።

እውነተኛውን ጠብ ከተጣሉ ወራት አልፏቸው ነበር፤ ያ ጠብ ግን ድምፅ አልነበረውም። ነርሷ እንደምንም ጀመረች። «እ… እጅህን ዛሬም አልታጠብክም።»

«አንቺ ደግሞ…» አለ፤ ቆመ። ከዚያ ሆዱ ውስጥ የከረመው ወጣ። «አንቺ ክፉ ነሽ። ሰው ተስፋ ሲያደርግ አይተሽ አታውቂም?»

«በየቀኑ አያለሁ። አንተ አንዴ አየህ።»

«ብትዋሺልኝ ምን ነበረበት?»

«ዋሽቼልህ ቢሆን ዛሬ ማን ‹ተጣሉልኝ› ይለን ነበር?»

እንባው በጉንጩ ወረደ።

«መልስላት እንጂ!» አለች ልጅቷ።

«መልስ የለኝም።»

«ተሸነፈ» አለች። ከንፈሯ ሳቀ፤ እናቷም በሩ ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቷን እነሱ እየተከራከሩ እንቅልፍ ወሰዳት።

ያረፈችው ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀን፣ በጠዋት፣ እናቷ ደረት ላይ ነው።

ሐዘኑ ከበረደ በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው ፌርማታው ላይ መጣ። «ገደልሻት» ያላትን ቃል እንድትምረው ጠየቃት። ወዲያው አልማረችውም፤ ብዙ ማታ ትታው በአውቶቡሱ ሄዳለች። እሱ ግን እየመጣ ቆመ። በኋላ ያለ ድግስ ተጋቡ።

ጎረቤቶቻቸው እነዚህ ሰዎች አይስማሙም ይላሉ። ጠዋት ስለ ፎጣ፣ ማታ ስለ መብራት ሲነታረኩ በግድግዳው ይሰማል። እህቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ጥግ ላይ ትቀመጥና ዓይኗን ትጨፍናለች። ባልና ሚስቱ ፊቷን አይተው ደንገጥ ብለው ሲያቆሙ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ በእጇ ምልክት ትሰጣቸዋለች።

«ቀጥሉ» ትላቸዋለች። «እኔ የማለቅሰው ዝም ስትሉ ነው።»