የሊቀ ፈዋሹ የድንጋይ እጆች

በአዜማር መንግሥት የፈውስ ቤት፣ ሊቀ ፈዋሽ አርዶስ ከፈረስ ወድቃ ጎኗ የተቀደደባትን ልዕልት እየሰፉ ሳለ፣ መርፌው ቆዳዋን ወግቶ ሳይወጣ፣ ጣቶቻቸው ድንጋይ ሆኑ።

ደቀ መዝሙራቸው ሲርጋ ከጎናቸው ቆማ ደሙን በነጭ ጨርቅ ትጠርግ ነበር። ያየችውን ዓይኗ አላመነም። ከጥፍራቸው ጫፍ የተነሳ ግራጫ ነገር በጣቶቻቸው ላይ ተሳበ፣ መዳፋቸውን ዋጠ፣ ክንዳቸውን አልፎ ክርናቸው ላይ ደረሰ። አጥንታቸው እንደሚሰበር ደረቅ እንጨት ተንቋቋ። አገር የሚምልባቸው እነዚያ እጆች በልጅቱ ጎን ላይ እንደ ሐውልት እጅ ተገትረው ቀሩ።

«ሲርጋ» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ዝግ ያለ ነበር። «መርፌውን ያዢ። እኔን አትዪ፤ ቁስሉን እዪ።»

ሲርጋ መርፌውን ተቀበለች። ሰፋች፣ ቋጠረች፣ ቆረጠች። ልዕልቲቱ ተረፈች። ያን ጊዜ ግን ከየክፍሉ ጩኸት ተነሳ። ወጌሻው የታማሚውን እግር እንደጨበጠ መልቀቅ አቅቶት ይጮኻል። አዋላጂቱ ገና የተወለደ ሕፃን በድንጋይ መዳፏ ላይ ይዛ በመተላለፊያው ትሮጣለች፦ «ውሰዱልኝ! ብርድ ሊገድለው ነው! ኧረ የሰው እጅ ያለው የለም?»

ከፈዋሾቹ ሁሉ የሰው እጅ የቀራት ሲርጋ ብቻ ነበረች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ። ወታደሮች የሲርጋን ክፍል በርብረው ከአልጋዋ ሥር የተደበቀ ሣጥን አወጡና በንግሥት ኤልዳና እግር ሥር ገለበጡት። ከጭቃ የተሠሩ ወፎች፣ አንበጣዎች፣ የምትስቅ ባልቴት፣ የተኛ ሕፃን በእብነ በረዱ ወለል ላይ ተንከባለሉ። ሸንጎው በድንጋጤ አጉረመረመ። የፈውስ ቤቱ ሕግ በበሩ ላይ ተቀርጾ ሁሉም ያውቀዋልና፦ የፈዋሽ እጅ ከፈውስ በቀር ሌላ ሥራ አይንካ። ሲርጋም እንደ ሌሎቹ በዚህ ሕግ ምላለች።

«ጥንቆላ ነው?» አሉ ንግሥቲቱ።

«ጭቃ ነው፣ ግርማዊት ሆይ» አለች ሲርጋ። «ሥራ ውዬ ስገባ እሠራዋለሁ። ያቺ የምትስቀው ሴትዮ በእጄ ላይ ነው የሞተችው። በማግሥቱ ሌላ ታማሚ ጠበቀኝ። ፊቷን በጭቃ ባልሠራው ኖሮ እዚያ መቆም አልችልም ነበር።»

ሲርጋ ወደ መምህሯ ተመለከተች። ሕጉን ከማንም አጥብቀው የሚያስከብሩ እሳቸው ነበሩ። እንደሚክዷት አልተጠራጠረችም። አርዶስ ግን የድንጋይ እጆቻቸውን በደረታቸው አቅፈው ብድግ አሉ።

«ንግሥት ሆይ፣ ሣጥኑን ካወቅሁት ቆይቻለሁ።»

አርዶስ ወደ ዙፋኑ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«እኔም ዘፋኝ ነበርኩ። መሐላ የገባሁ ዕለት ድምፄን ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲህ ለራሴ እንኳ አላንጎራጎርኩም። የዚህችን ልጅ ሣጥን ሳይ መቆጣት ነበረብኝ፤ ቀናሁ እንጂ አልተቆጣሁም። አሁን እንደ ሐኪም ልናገር። ለቀደሙት ፈዋሾች የሚፈውስ እጅ የሰጠችው በተራራዋ ውስጥ የምትኖረው ኑሃማ ናት። የሁላችንም እጅ በአንድ ጊዜ ከታመመ፣ የታመመችው ሰጪዋ ናት። ሐኪም ያስፈልጋታል።»

ንግሥቲቱ ፈረዱ። «ሂዱ። የዘበኞቼ አለቃ ጉልማ አብሯችሁ ይሂድ። የፈዋሾቼ እጅ ሳይድን ከተመለሳችሁ ግን፣ ጉልማ የዚህችን ልጅ እጆች በአደባባይ ይቁረጥ።»

ጉልማ፣ ትከሻው የበር መቃን የሚያህል ሰው፣ ሰይፉን መዝዞ ስለቱን ሳመ። «በዙፋንዎና በዚህ ብረት እምላለሁ፤ ትእዛዝዎን እፈጽማለሁ» አለ። ሲምል ወደ ሲርጋ አላየም።

ወደ ኑሃማ ተራራ የሚወስደው መንገድ ዛፉም አውሬውም ድንጋይ የሆነበት መንገድ ነበር። ሚዳቋ እንደ ዘለለች በአየር ላይ ድንጋይ ሆና ቀርታለች፤ መሬት የነካው አንድ የኋላ ሰኮናዋ ብቻ ነው። ጉልማ ከቅርንጫፍ ላይ አንዲት ወፍ ቢያነሳ መዳፉን የሚያጎብጥ ክብደት ሆነችበት፤ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጣት።

ገደሉ አፋፍ ላይ ነብር ወጣባቸው። ወገቡ ድንጋይ ሆኗል፤ ፊቱና የፊት እግሮቹ ግን ገና ሕያው ናቸው፤ ሥቃዩ አሳብዶታል። ጉልማ ወገቡን በሰይፍ ቢመታው ሰይፉ ለሁለት ተሰበረ። ነብሩ የጉልማን ጭን ዘንጥሎ ደረቱ ላይ ወጣ። ሲርጋ ስትጮኽ፣ በሕይወታቸው ዝንብ እንኳ ገድለው የማያውቁት አርዶስ ሮጠው የድንጋይ ቡጢያቸውን በነብሩ ግንባር ላይ አወረዱ። ነብሩ ወደቀ። አርዶስ በእጃቸው ላይ ያለውን ደም እያዩ፣ «ምን አደረግሁ?» አሉ፤ ተቀምጠውም አለቀሱ።

ሲርጋ የጉልማን ጭን አጥባ ሰፋችለት። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ጣቶቿን ሲያይ ቆየ።

«እነዚህን እጆች እንድቆርጥ ነው የማልኩት» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። አትንቀሳቀስ፣ ክሩ ይበጠሳል።»

የዋሻው በር ላይ ሲደርሱ አርዶስ ቀድመው ገቡና ቆሙ። ከወለል እስከ ጣሪያ ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል። በየጥጉ የተቀረጹ ዋንጫዎች፣ በጥልፍ ያጌጡ መጋረጃዎች፣ አውታራቸው የላላ በገናዎች ተደርድረዋል። በሁሉም ላይ የፈዋሾች ማኅተም፣ የተከፈተ መዳፍ አለበት።

«የእኛ ሰዎች ናቸው የሠሩት» አሉ አርዶስ በሹክሹክታ። «የቀደሙት ፈዋሾች... ይሥሉ ነበር? ይዘፍኑ ነበር?»

«ይዘፍኑልኝ ነበር» አለ ከጨለማው ውስጥ የሚያስተጋባ ድምፅ።

ግድግዳ የመሰላቸው ነገር ተንቀሳቀሰ። ኑሃማ ኮረብታ ታህላለች፤ ቆዳዋ እንደ ዋርካ ቅርፊት ነው፤ ከግራና ከቀኝ ጎኗ ቁጥር የሌላቸው እጆች ይወጣሉ። ሁሉም ድንጋይ ሆነዋል። ዓይኗ ብቻ እርጥብ ነበር።

«እጅን ለፈውስና ለደስታ ሰጠኋችሁ» አለች። «ሰው ሳይገደድ፣ ወዶ የሚሠራው ነገር ለእኔ እህሌ ነው። ፈዋሾች ከሥራቸው በኋላ ይመጡ ነበር፤ ደክመው ይመጣሉ፣ ስቀው ይሄዳሉ። ኋላ አንድ ሊቅ ተነሳ፤ ደስታን ስንፍና ነው አለው፤ በሩን ዘጋው። ተራብኩ። አሁን ልቤ ተሰንጥቋል።»

አርዶስ ተንበረከኩ። ያ ሊቅ የገዛ መምህራቸው ነበሩ፤ በሩን ዘግተው የጠበቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ሲርጋ ግን ወደ ኑሃማ ደረት ወጥታ ጆሮዋን ለጠፈች። የልቧ ምት በጣም የራቀ ነው። በደረቷ መሃል ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር፤ ከንፈሮቹ ይጠባሉ፣ ይከፈታሉ። እዚህ መርፌና ክር አይሠሩም። ከዋሻው ምንጭ ዳር ለስላሳ ቀይ ጭቃ ዘግና መጣች። ከውስጥ ምንም አይታይም፤ ልብ እንዴት እንደተሠራ ግን ከታማሚዎቿ ታውቃለች፤ ጭቃ በጨለማ እንዴት እንደሚዳሰስም ከአልጋዋ ሥር ሣጥን ተምራለች።

«ስንጥቁን የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ» አለች። «ሥጋ ከሆነ ይቀጠቀጣል።»

«የእኔ እጅ ሥጋ አይደለም» አሉ አርዶስ። ሁለቱን የድንጋይ እጆቻቸውን በስንጥቁ ከንፈሮች መካከል እስከ ክርናቸው ሸጎጡ። «ግቢ፣ ልጄ።»

ሲርጋ ክንዷን አስገባች። ኑሃማ ከሥቃይ የተነሳ ስትንቀጠቀጥ ዋሻው ተናወጠ፤ ከጣሪያው ድንጋይ ረገፈ። ያን ጊዜ አርዶስ መዝፈን ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ዝጎ ነበር፤ ተሰበረ፣ ተመለሰ፤ ከዚያ ጠርቶ ወጣ። ሲርጋ እነዚያን ሁሉ ዓመታት አብራቸው ስትሠራ ይህን ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ ፀጉሯ ቆመ። ጉልማ በተሰበረ ሰይፉ ተደግፎ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኑሃማም ጸጥ አለች።

የሲርጋ ጣቶች በጨለማው ውስጥ ጠፈጠፉ፣ አለሰለሱ፣ አጠጋጉ። ለአፍታ የንግሥቲቱን ፍርድ ረሳችው፤ ታማሚዋንም ረሳቻት፤ ጭቃው ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ስትዳምጠው፣ ልቡ በእጇ ውስጥ መታ።

ከግድግዳው ላይ ግራጫው መርገፍ ጀመረ። ሲርጋ ቀና ስትል የመምህሯን ክርን አየች፤ ድንጋዩ ለቆታል፤ ቆዳው ቀልቷል፤ ደም እየተመላለሰበት ነው።

«መምህሬ! እጅዎ! ድነዋል!» ብላ በደስታ ጮኸች።

ጩኸቷ ሳያበቃ ነገሩ ገባት። ሥጋ ሆነዋል። ስንጥቁ ደግሞ እየተዘጋ ነው።

«ያውጡት! እጅዎን ያውጡ!»

«ያንቺን አውጪ!» አሉ። እሳቸው ቢለቁ የሚጨፈለቀው የሷ ክንድ ነበር። በዳኑት ጣቶቻቸው የስንጥቁን ከንፈር ይዘው፣ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኖ፣ ዘፈናቸውን ቀጠሉ። ጉልማ ሲርጋን በወገቧ ይዞ ሳባት፤ ክንዷ ወጣ። ስንጥቁ የአርዶስን ክንዶች ቆርጦ ተዘጋ፤ ዘፈኑ ቃል መሃል ላይ ተቋረጠ።

ሲርጋ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። አሰረች፣ ተጫነች፣ ጉልማን «እዚህ ያዝ፣ አጥብቀህ!» ብላ አዘዘች። ደሙ አልቆመም። አርዶስ ራሳቸውን በጭኗ ላይ አድርገው፣ እንደ ሕፃን ግራ በተጋባ ዓይን አዩዋት።

«ከመዘጋቱ በፊት ጣቶቼ ተሰሙኝ» አሉ። «ይሞቁ ነበር።»

ሲርጋ ዓይኖቻቸውን በጣቷ ከደነች።

የአዜማር ደወሎች በሙሉ ሲደወሉ፣ ፈዋሾቹ የዳኑ እጆቻቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ወደ አደባባይ ሲፈሱ፣ ሲርጋ በቅሎ ላይ የተጫነውን አስከሬን እየመራች በከተማዋ በር ገባች። ሆታው አፍ ላይ ቀረ። ጉልማ በንግሥቲቱ ፊት ተንበርክኮ የተሰበረ ሰይፉን አስቀመጠ። «ትእዛዝዎን ፈጽሜአለሁ» አለ። «ሁለተኛ ግን እንዲህ ያለ መሐላ አያስምሉኝ።» ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ወርደው ባዶ እግራቸውን አስከሬኑን ተከተሉ፤ በዚያው ሳምንት በፈውስ ቤቱ በር ላይ ያለው ሕግ በመሮ ተፋቀ።

ዛሬ የፈውስ ቤቱ ሊቅ ሲርጋ ናት። ሥራው አልቀነሰም፤ ታማሚው እንደ ድሮው በር ላይ ይሰለፋል። እሷ ግን በክፍሏ፣ በመስኮቱ ብርሃን ሥር፣ የአንድ ሽማግሌ ፊት በጭቃ ትሠራለች፤ አፉ ለዘፈን ተከፍቷል። አገጩን ከጨረሰች ቆይታለች፤ ግንባሩ አስቸግሯታል። አንድ ቀን ቅንድቡን ስትነካካ ከመተላለፊያው፣ «ሊቀ ፈዋሽ! ከድልድዩ የወደቀ ሰው መጥቷል!» የሚል ጥሪ ተሰማ። እርጥብ ጨርቅ አለበሰችውና እጇን እየታጠበች ሮጠች።

ሰውየውን አተረፈችው። ወገቧ ተቆርጦ፣ ዓይኗ ቀልቶ ስትመለስ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ በጣቷ ነካ አደረገችው። ጭቃው ገና ለስላሳ ነበር። ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች።