የአርባ ቤት ጉልቻ

በክረምቱ አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ የኦርሜ ወንዝ እየሞላ ሳለ ድምፁ ጠፋ። እንቁራሪቶቹም ከዳሩ ወጥተው ዛፍ ላይ ሰፈሩ። የዘራምድ መንግሥት የወንዝ ለኪ የነበረችው ወጣቷ ታዛር በመለኪያ እንጨቷ ላይ አዲስ ምልክት ቆረጠች፤ ከዚያ በላይ የሚቆረጥበት ቦታ አልቀረም። በማግስቱ የቆላው መንደር አርባ ቤት ከነእህሉ ሰጠመ።

ሕዝቡ ሸሽቶ ሐሙል ኮረብታ ላይ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ሸማኔዋ ልሚት ሕፃን ልጇን ታቅፋ ወደ ታዛር መጣች።

«ማልቀስ ትታለች» አለቻት። «ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።»

ከኮረብታው ጀርባ የንጉሡ ጎተራ ሞልቶ ቆሟል። በበሩ ላይ የጥንት ነገሥታት ሕግ ተቀርጿል፦ «ውኃ ያፈናቀለው ጉልቻውን ያምጣ፤ እህል ይሰፈርለታል።» የቆላ ሰው በምድጃው ድንጋዮች ላይ የቤቱን ምልክት ይቀርጻል፤ የጎተራው ሹም ባለቤቱን የሚለየው በዚያ ነው። ድንጋዮቹ ግን አሁን ውኃ ውስጥ ናቸው፤ በላያቸውም ሞራድ የተባለው የወንዙ ዘንዶ ተኝቷል።

ታዛር እንጨቷን መሬት ላይ ተክላ ማለች። «የአርባውን ቤት ጉልቻ ሳላመጣ ይህን እንጨት ብነቅል እጄ ይድረቅ! አንድም ቤት አይቀርም!»

ሽማግሌው ታንኳ ቀዛፊ አባ ድርጌ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ወንዙን ለክተሽ ለክተሽ ሰላም ነሳሽው፤ አሁን ደግሞ ቤቱ ድረስ ልትሄጂበት? በይ ተነሺ፣ ታንኳው የእኔ ነው።»

ልሚትም ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ተከተለቻቸው።

ከሰጠመው መንደር በላይ ሲደርሱ ውኃው ተሰነጠቀና የሞራድ ራስ ወጣ፤ እያንዳንዱ ቅርፊቱ ጋሻ ያህላል።

«አንድ ሰው በጥምጥሜ ውስጥ እስከተነፈሰ ድረስ ውኃውን ከመንደሩ ላይ አነሣለሁ» አለ። «ስሙን ከጠራችሁ እለቀዋለሁ፤ ውኃው ግን ያን ጊዜ ይመለሳል።»

ታዛር ልትነሣ ስትል አባ ድርጌ ትከሻዋን ተጭኖ አስቀመጣት። «እኔ ድንጋይ መሸከም አልችልም፤ መቀመጥ ግን እችላለሁ። የእኔን ቤት መጨረሻ አድርጊው፣ ድንጋዬን ቀድሜ አይቼ እንዳያሳሳኝ።»

ዘንዶው ጠመጠመው። ውኃው እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ታንኳውም ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ታዛር የሽማግሌውን ደረት እያየች አሰላች፦ ከየቤቱ ሦስቱንም ድንጋይ ብታነሣ ግማሹ መንደር ሳይዳረስ ትንፋሹ ያልቃል፤ አንድ አንድ ብታነሣ ግን አርባውም ይደርሳል። ሕጉም «ጉልቻውን» ነው የሚለው፤ «ጉልቻዎቹን» አይልም። ስለዚህ አንድ አንድ እያነሡ ሮጡ።

ሠላሳ ዘጠነኛው ድንጋይ ታንኳው ውስጥ ሲወድቅ የአባ ድርጌ ከንፈር ጠቁሯል።

«ይበቃል! ጥሪው!» ብላ ጮኸች ልሚት።

«አንድም ቤት አይቀርም ብያለሁ!»

ታዛር ወደ አባ ድርጌ ቤት ሮጠች። የመቅዘፊያ ምልክት ያለበትን ድንጋይ ታቅፋ ስትመለስ ልሚት እጇን ጎትታ ታንኳው ላይ ጣለቻት። ታዛር የአባ ድርጌን ስም አንድ ጊዜ ጠራች። የሽማግሌው ትንፋሽ ግን አልቆ ነበር፤ ውኃው ቀድሟት ተመለሰ።

የጎተራው ሹም ቀርሻን ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የአርባ ቤት ጉልቻ ነው፣ ጌታዬ።»

«በአንድ ድንጋይ ላይ ድስት ጥደሽ ታውቂያለሽ?»

ታዛር ወደ ድንጋዮቹ ዞረች።

«ጉልቻ ማለት ምድጃ ነው፣ ሦስቱም። ሦስት ሦስት አድርጊያቸው።»

አደረገች። አሥራ ሦስት ምድጃ ሆነ። መቅዘፊያ የተቀረጸበት ድንጋይ ብቻውን ተረፈ።

«እሱን መልሺው» አለ ሹሙ፣ እህሉን እያሰፈረ።

የአሥራ ሦስት ቤት እህል ለአርባ ተካፈለ። ሕዝቡ ታዛርን በእልልታ ተቀበላት፤ እጇንም ሳማት። የልሚት ልጅ ቀጭን አጥሚት ቀመሰችና አለቀሰች። በኮረብታው ላይ የዚያን ቀን የሞተ ልጅ አልነበረም።

ታዛር የተረፈውን ድንጋይ በተከለችው እንጨት ሥር አስቀመጠች። አንድም ቤት አልቀረምና መሐላዋ ተፈጽሟል፤ እንጨቱን መንቀል ትችላለች። እጇ ግን አልታዘዝ አላት።

ልሚት ልጇን አዝላ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ድንጋዩን አየችው።

«በሠላሳ ዘጠኙ ላይ ጥሪው ብዬሽ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።