አንገትጌ ላይ የቀረች ክር

ልጆቼ፣ ኑ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ስልካችሁንም ለጊዜው ኪስ ክተቱልኝ። ስለ አንዲት ልብስ ሰፊና ስለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ላጫውታችሁ።

ልጅቷ የምትሠራው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ስፌት ክፍል ነው። የተቀደደ አንሶላ ትጠግናለች፣ የሕሙማን ጋውን ትሰፋለች። አንድ ጠዋት የጨረሰችውን ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ አግዳሚው ላይ አንድ ወጣት አየች። የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ስለቆለፋቸው አንገትጌው ወደ ጆሮው ወጥቷል። ቀኝ እጁ እንደ ተረሳ ጓንት ጭኑ ላይ ተጋድሟል።

አላስቻላትም። ጎንበስ ብላ ታስተካክልለት ጀመር።

«ይቅርታ፣ ሙያዬ ሆኖ ጠማማ ነገር ሳይ ያመኛል።»

«እኔም ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የጎፈረ ሳይ ያመኝ ነበር» አለ። ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከሰነፈ ወዲህ አንደበቱም ትንሽ ይጎተታል። «አሁን ግን መቀስ የሚይዘው እጅ አኮረፈኝ።»

ሳቀች። እሱ ግን ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ኮሪደር ለእሷ ሌላ ኮሪደር ሆነ፤ ሳይቆዩም ተዋደዱ።

ሐኪሙ ነግሮታል፤ የተጎዳ እጅ እንደገና የሚማረው በጊዜ ሲጀመር ነው፣ በቆየ ቁጥር ይደርቃል። እጅ የሚያለማምደው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ግን በቀጠሮ ነው። አንዴ ባለሙያ የለም፣ አንዴ ክፍሉ ይታደሳል፣ አንዴ ደግሞ እንዲሁ «ተላልፏል» ይባላል።

«እጄ ሳይመለስ እንጋባ አልልሽም» አላት አንድ ቀን። «ሸክም ልሆንብሽ አልፈልግም።»

ስለዚህ ቀጠሮው በተላለፈ ቁጥር ሠርጓም አብሮ ይተላለፋል። ያሳደገቻት አክስቷ፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺም እኮ ከሱ ጋር ወረፋ ያዝሽ» ትላታለች። ልጅቷ እንቅልፍ አጣች። ጣቶቹ ከትናንት ዛሬ የተኮማተሩ ይመስላታል።

እጇን አጣጥፋ ግን አልተቀመጠችም። በምሳ ሰዓት ስፌት ክፍል እያስገባችው፣ ትልልቅ ቁልፎች ጨርቅ ላይ ሰፍታ ታለማምደው ጀመር። ውሎ አድሮ አውራ ጣቱ ተነቃነቀ። ደስታዋን ሳታጣጥም ፍርሃት ያዛት፤ ሆስፒታሉ አዲስ ደንብ አውጥቷላ! ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ይቅደም፣ የጀመረው ይቆይ።

ማን እንደሚቀድም በሚለይበት የምርመራ ቀን ደጃፍ ላይ ያዘችው።

«ስማ፣ እጅህን እንዳታነቃንቅ።»

«ልዋሽ?»

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል ነው ያልኩህ። እጅህም ዝም ይበል።»

«ይሄ እጅ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል?» አለ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጠና ያለች ሴት ናት። «እስቲ ጣትህን አንሳ፣ ወንድሜ።» ዝም። «ጨብጥ።» ዝም። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ የቀሚሷን ጠርዝ ትጠቀልላለች። ባለሙያዋ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ልክ ያን ጊዜ፣ እሱ በልጅቷ አንገትጌ ላይ የቀረች ነጭ ክር አየ። ፀጉር አስተካካይ ደግሞ አንገት ላይ የቀረ ነገር አይቶ አያልፍም፤ ደንበኛው ሳይነሳ ጠረግ ያደርግለታል። ቀኝ እጁ ከጭኑ ተነሳ። እየተንቀጠቀጠ ሄዶ ክሯን ጠረገ።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንተ! ይሄ ነው አልነሳም ያለው እጅ?» አለች ባለሙያዋ።

«አታነቃንቅ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሲስተር። እሱ ጥፋት የለበትም» አለች ልጅቷ።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። በሩ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ለሁለቱም አሳየቻቸው። «እኔ ያለሁት አንዲት ሰው ነኝ። አንተን ባስገባ እሳቸው ይቀራሉ። ከክረምት በኋላ ና።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የምትለማመዱትን ግን እንዳትተዉ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ እንባዋ ወረደ።

«ለአንዲት ክር! ያን ሁሉ ጠብቀን ለአንዲት ክር!»

«አላዘዝኩትም እኮ» አለ፣ እጁን እንደ እንግዳ እያየ። «ራሱ ነው ወደ አንቺ የመጣው።»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እኔም እንደነሱ በቀጠሮ ሳመላልስሽ ከረምኩ» አለ። «ይብቃኝ። ታገቢኛለሽ?»

ጣቶቿን ቀኝ መዳፉ ውስጥ አስቀምጣ ጠበቀች። ከብዙ ቆይታ በኋላ መዳፉ ቀስ ብሎ ተከደነ።

«እሺ» አለች።

ተጋቡ። ተራውም ዘግይቶ ደረሰ፤ እጁ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ዛሬ መቀሱን በግራው፣ ማበጠሪያውን በቀኙ ይዞ ይሠራል። በጊዜ ቢደርሱለት ኖሮስ? እኔ አላውቅም። እሷም አንዳንዴ ጣቶቹን ይዛ ይህንኑ ስታስብ ትቆያለች።

እናንተ ብቻ፣ ልጆቼ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ስታልፉ እጁን ታቅፎ ተራ የሚጠብቅ ሰው ካያችሁ፣ ያ እጅ ሊዘረጋለት የሚናፍቀው ሰው እንዳለው አስታውሱልኝ።