ድምቡሼ ቤቷን አልለቅም አለች

ጠጋ በሉ፣ የሰው ሆድ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከአንድ የመኪና ጋራዥ ጀርባ ሶልያና የምትባል ልጅ አለች። በሶልያና ሆድ ውስጥ ደግሞ ድምቡሼ አለች።

ድምቡሼ ባክቴሪያ ናት። ትንሽዬ፣ በዓይን የማትታይ። ክፉ እንዳትመስላችሁ፣ ከእህቶቿ ጋር ሆድ የምትጠብቅ ደግ ናት።

አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ መኪና ቀለም ተቀባ። ፍሽሽ! ፍሽሽ! የቀለሙ ብናኝ ሄዶ የእነ ሶልያና አጥር ላይ አረፈ።

ሶልያና ምን ቸገራት? አጥሩን ዳበሰች፣ ጣቷን ላስ ላስ አደረገች።

ብናኙ ሆዷ ገባ። እነ ድምቡሼን አስነጠሳቸው። እጥሽ! እጥሽ!

እህቶቿ ዕቃቸውን ጠቀለሉ። እዚህ ቤት መኖር አይቻልም፣ እንሂድ ተባባሉ።

«አልሄድም» አለች ድምቡሼ። «ቤቴን አልለቅም!»

ግን ርቧታል፤ ጉልበት ከየት ይምጣ? ድምቡሼ የምትወደው ልጣጭ ነው፣ ገለባ ነው። ሶልያና ደግሞ ልጣጭ አትወድም።

ድምቡሼ የሆዱን ግድግዳ መታች። ቁር! ቁር!

ሶልያና ብስኩት በላች። ብስኩቱ ከላይ ከላይ አለቀ፤ ድምቡሼ ያለችበት ታች አልደረሰም።

የድምቡሼ እህቶች እስከ በር ሄዱ። «ቤቴን አልለቅም!» አለች ድምቡሼ። ቁር! ቁር!

ሶልያና ከረሜላ በላች። እሱም ከላይ አለቀ።

ድምቡሼ እጇን ሰብስባ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ መታች። ቁርርርርር!

የሶልያና አክስት አልጋነሽ እንኳ ሰማች። የባቄላ ንፍሮ በሳህን አመጣችላት።

ሶልያና እያንዳንዱን ላጠች። ልጣጩን ጣል፣ ፍሬውን ጎረስ። ጣል፣ ጎረስ።

«አንቺ እመቤት» አለች አልጋነሽ፣ «ሆድሽ እየጮኸ ልጣጩን ለማን ነው የምትጥይው?»

ሶልያና ሆዷን ያዘች። ቁር! አለ ከውስጥ። ፊቷን አጨማዳ አንዱን ባቄላ ከነልጣጩ ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ከዚያ ሌላ ደገመች።

ልጣጩ ከላይ አላለቀም። ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ደረሰ።

ድምቡሼ በላች። እህቶቿም ከበር ተመልሰው በሉ። ጉንጫቸው ሞላ፣ ክንዳቸው ጠነከረ።

የተረፈውን ልጣጭ እንደ መጥረጊያ ያዙት። ጥርግ! ጥርግ! ብናኙን ጠቅልለው ወደ ውጭ ገፉት።

በማግስቱ ጠዋት ሶልያና ሽንት ቤት ሮጠች። ዱብ! ብናኙ ሄደ።

የድምቡሼ እህቶች ዕቃቸውን ፈቱ። አንዷም ቤቷን አልለቀቀች።

ሶልያና እጇን በሳሙና ታጠበችና አክስቷ ጭን ላይ ወጣች። «ዛሬም ባቄላ አለ?» አለቻት።

ድምቡሼ ታች ሆና ሰማች። አፏን ከፍታ ጠበቀች።